ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት

ይድረስ በአካል ለራቅኸን፣ ስምህ ግን ከቤታችን ወጥቶ ለማያውቀው ለወንድምዓለም፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚቆርጥህ ሕመም ተሻለህ ወይ? እንቅልፍስ ትተኛለህ? አብረውህ የሚሠሩት ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። «አለን» ያልኩህ ለወጉ ነው። ቀሪውን ስታነብ ምን ዓይነት መኖር እንደሆነ ይገባሃል፤ ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ስልክህን ብሞክር ብሞክር አልያዝ አለኝ። ካምፑ ኔትወርክ እንደሌለው ነግረኸኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደዚያ ለሚመለሰው ለብየዳ ሠራተኛው ጓደኛህ በእጁ እሰጠዋለሁ። ዛሬ ቀልድ ብታገኝበት የልቤ ቀልድ እንዳይመስልህ፤ ስፈራ አፌ አያርፍም፣ ታውቀኛለህ።

ነገሩ የላክህልን ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። አባዬ አሁንም «ሙሽራዬ» ነው የሚላት። ብርድ እንዳይመታት የእማዬን ብርድ ልብስ ያለብሳታል፤ እማዬ ደግሞ ኮቷን ደርባ ትተኛለች። ስኳሩ የእማዬን እግር ካቆሰለው ወዲህ በየረቡዑ ከኋላው አስቀምጧት ቁልቁለቱን ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ቁስሏን ለማሳጠብ ሀኪም ቤት ያደርሳታል። ቁስሉ ሳይታጠብ ከሰነበተ እግሯን እናጣዋለን ብሏል ሀኪሙ። በእግሯ ደግሞ ከበሩ ደፍ አታልፍም።

እስከዚህ ያለውን ታውቃለህ። የማታውቀው አወራረዱን ነው። ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርስ አባዬ ሞተሩን ያጠፋል። ማርሹ እንደገባ፣ ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ፍሪሲዮን በግራ እጁ ጨብጦ፣ በፍሬን ብቻ፣ እስከ ታች ድረስ ይንሸራተታል። ሜዳው ሊደርስ ሲል ፍሪሲዮኑን ድንገት ይለቀዋል፤ ሞተሩም እየተንገጫገጨ ይነሣል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ስጠይቀው «እያንዳንዷ የቤንዚን ጠብታ የልጄ ላብ ናት። ቁልቁለት በነፃ ያወርደኛል፤ በነፃ ለሚገኝ ነገር የልጄን ላብ አላቃጥልም» አለኝ። እኔም ስቄ አሳለፍኩት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ፍሬኑ ግማሽ መንገድ ላይ ግሎ አልይዝ አለ። አባዬ ደነገጠና ፍሪሲዮኑን ለቀቀው። የማርሹ ቤት፣ ካምቢዮው፣ ጓ አለና የኋላ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሞተሯ በጎኗ ተንሸራትታ የድልድዩ ብረት ባይይዛት ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። የእማዬ አንድ ጫማ ወንዝ ገባ። እሷ ጉልበቷ ተላጠ እንጂ ተርፋለች።

መካኒኩ ካምቢዮውን ከፍቶ ዘይቱን ሳህን ላይ ቀድቶ አሳየኝ። የብረት ብናኝ ያብረቀርቅበታል። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕም አብሮ ይቆማል አለኝ። ጎማው ግን መዞሩን ስለማይተው የካምቢዮውን ጥርሶች ያዞራቸዋል፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት ብረት ብረትን በደረቁ እየፋቀ ነው የሚወርደው። ታች ላይ ፍሪሲዮኑን ድንገት መልቀቅ ደግሞ የሳሳውን ጥርስ በመዶሻ መምታት ነው አለ። ሞተሩ እየሠራ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑ ሳይነካ ከተወረደ ገና ታገለግላለች። እንደለመደው ካደረገ ግን ጥርሱ ተሰብሮ ይቀረቀርና ሁለቱንም ይዛቸው ትገለበጣለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት የእኛን አባት ኖሯል።

መካኒኩ ይህንኑ በአባዬ በደከመው ጆሮ ጮኾ ነገረው። አባዬ ሳቀበት። «ካልተበላሸ መካኒክ ምን ይበላል?» አለው። የድልድዩን ነገር በጠጠሩ አሳበበ። እሺ እኔ ልንዳት ብዬ ብለምነው «ስጦታ በውክልና አይነዳም» ብሎ ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም።

እማዬ ትረዳኛለች ብዬ «አልወጣም በይው» አልኳት። «ሞተሩ ሲጠፋ ጸጥ ይላል። አፌን ጆሮው ሥር አድርጌ ስለ ልጃችን እነግረዋለሁ፣ እሱም ይመልስልኛል። ቤት ውስጥ በዚህ ዕድሜዬ ጆሮው ላይ ብለጠፍ መጀመሪያ የምትስቂብኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ አለቀስኩ። ወንድምዓለም፣ ስላንተ እያወሩ ሁለቱም ሊያልቁብኝ ነው።

ጨንቆኝ ያደረግሁትን ስማ። ባንተ ስም ደብዳቤ ጻፍኩ። «አባዬ፣ ቤንዚኑን አትቆጥብብኝ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ ውረድ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩና እንደ ወትሮው አነበብኩለት። ፊደል እንደማይለይ ታውቃለህ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ደፋሩንስ አልጠየቀም?» አለኝ። ያ ውሻህ፣ ድመት ሲያይ ሙሽራዋ ሥር የሚደበቀው! ረስቶት ይሆናል አልኩት። «ልጄ እኔን ይረሳል እንጂ ደፋሩን አይረሳም። ይሄ ያንቺ ነው» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ደብዳቤህን ከእንግዲህ የሚያነብለት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፤ እኔን ከሥልጣን አውርዶኛል።

እንግዲህ የቀረኸኝ አንተ ነህ። መካኒኩ «ዕቃ ጎደለ» እያለ ሙሽራዋን አንድ ሳምንት ያቆይልኛል። የሀኪም ቤቱ ነርስም በዚህኛው ረቡዕ በእግሯ ዳገቱን ወጥታ ቁስሉን ታጥብልኛለች፤ ከዚያ ወዲያ አልችልም ብላለች። ከሚቀጥለው ረቡዕ በፊት መልስህ ካልደረሰ አባዬ እማዬን አስቀምጦ ሞተሩን ያጠፋል። ደብዳቤው እንደደረሰህ ሳታድር ጻፍና የካምፑን ዕቃ ለሚያመላልሰው ሹፌር ስጠው። እኔ የማላውቀውን፣ አንተና እሱ ብቻ የምታውቁትን አንድ ነገር አግባበት። ልብስ ሰፊው ሲያነበው እኔ ባይገባኝ ግድ የለኝም፣ እሱ ይገባዋል። ሞተሩን ሳያጠፋ በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ፣ ፍሪሲዮኑን አይንካ በለው። ወሬውን ደግሞ ቤት ውስጥ ያውሩት፤ እኔ እወጣላቸዋለሁ፣ አልስቅም።

እማዬ ዓይንህን ስማሃለች፤ ስለ ድልድዩ እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር። አባዬ ከእኔ ጋር ባይነጋገርም ሰላምታውን በልብስ ሰፊው በኩል ልኮልሃል። ልብስ ሰፊው በራሱም ስም ሰላም ብሎሃል፤ መካኒኩም «አደራ» ብሎሃል። አብረውህ ላሉት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ደፋሩ ደህና ነው፣ ጅራቱ ብቻ ሙሽራዋ ጎድላበት ወርዷል። ይህን የነገርኩህ እንድታርፍ ነው፤ ስትጽፍ ግን እንደማያውቅ ሆነህ ጠይቅ።

እህትህ

ከቁልቁለቱ አናት፣ ከቤታችን
እሑድ፣ ከረቡዕ በፊት