በረዶ የሚበሉት ቁጥቋጦዎች

ጥር 10 ቀን 1985
ከሥራ እግሬ አብጦ ገባሁ። አፍሪዳር ሰፈር የምንከባከባት አሮጊት ዛሬም አልበላም ብላ አስቸገረችኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ልጠጣ ፍሪጁን ስከፍት... በረዶ የለም። ዛሬም!

ፋይና ናት። ፎቅ ላይ ያለችው ሩሲያዊት ጎረቤታችን። አባባ ራሱ አውጥቶ ይሰጣታል። ለመጠጥ ቢሆን ምናለበት... ጓሯችን ውስጥ የተከለቻቸው ሁለት ቁጥቋጦዎች ሥር ነው የምታፈሰው። ዚሞሎስት ይባላሉ። ከሳይቤሪያ ነው ያመጣቻቸው። ብርድ ካላገኙ አያብቡም ትላለች። ታዲያ እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ምን ሊሠሩ መጡ? እዚህ በጥር ሰው በሸሚዝ ይሄዳል!

ቦታውን ለቃሪያዬ አስቤው ነበር። አምና ሳይጠይቀኝ የፈቀደላት አባባ ነው። እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እሱ ዕብራይስጥ አያውቅ። በምን እንደተግባቡ እንጃ።

ጥር 18
አባባ ኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት፣ አልሄድም አለ። "በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ፊደል ልቁጠር?" ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዳቦ እንኳ ብቻውን አይገዛም። አውቶቡስ አይሳፈርም። ሐኪም ቤት እኔ፣ ቢሮ እኔ... ስንት ነኝ እኔ?

የካቲት 21
ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አበቡ! ትንንሽ፣ ገርጣ ያሉ አበቦች።

አምና ሐምሌ ላይ ቅጠላቸው ረግፎ ደረቁ ብዬ ልነቅላቸው ስል ፋይና እየጮኸች ደረጃውን ወርዳ እጄን ያዘችኝ። "ያሼን! ያሼን!" ተኝቷል ማለቷ ነው። ለካ እውነቷን ኖሯል።

መጋቢት 24
ፍሬ። የሁለቱም ተሰብስቦ እፍኝ አይሞላም። ረዘም ያለ፣ ሰማያዊ፣ አመድ የነካው የሚመስል። ፋይና ልትቀጥፍ እጇን ስትዘረጋ አባባ በጭራው መለሳት!

"የተተከለ ዛፍ ሦስት ዓመት ፍሬው አይበላም። ኦሪት ነው። ይሄ ገና ሁለተኛው ነው።"

በዕብራይስጥ ነገርኳት። እንዲህ ያለ ሕግ ሰምታ አታውቅም። ፊቷ ቀላ... ደረጃውን ወጣች።

መጋቢት 27
የባሰ መጣ። ልጇ ከፋሲካ በኋላ ወደ ኻይፋ ሊወስዳት ነው፣ እሱ ቤት ልትኖር። ደረጃው ላይ ያዘችኝ። "አንድ ፍሬ ብቻ። ከባሌ ጋር ነበር የምንለቅመው... እሱ ከሞተ ወዲህ አልቀመስኩም።" አንጀቴን በላችው።

አባባን ለመንኩት። "ሕጉን እኔ አልጻፍኩት።" ጭራሽ ለፋሲካ አጥቤ የሰቀልኩትን መጋረጃ አውርዶ ቁጥቋጦዎቹን አለበሳቸው። ወፍ እንዳይበላቸው ነው አሉ! ደሜ ፈላ። ጮህኩበት።

ሚያዝያ 5
ፋሲካ አለፈ። አሁንም አይነጋገሩም። እሷ ከበረንዳዋ ቁልቁል ታየዋለች፣ እሱ ከወንበሩ አይነሳም። የሚገርመው ሁለቱም የሚያኮርፉት እኔን ነው። ምን አደረግኩ?

ሚያዝያ 9
ነገ ትሄዳለች። ዛሬ አካፋና ዝገት የበላቸው ሁለት ትልልቅ ጣሳዎች ይዛ ወረደች። ነቅላ ልትወስዳቸው። አባባ ጣሳዎቹን አፍጥጦ አየ።

"ይሄ ምንድነው በያት እስቲ።"

ጠየቅኳት። የመጡበት ጣሳ ነው አለች። በአገሯ ስድስት ዓመት ሲያፈሩ ቆይተው፣ ልትመጣ ስትል ከሥራቸው ቆፍራ...

"ከነአፈራቸው?" አለ አባባ።

"ከነአፈራቸው።"

ተነሳ። መጋረጃዬን ገፈፈው። "ከነአፈሩ የመጣ ዕድሜውም አብሮት ይመጣል። ታዲያ ምነው እስካሁን ሳትነግሩኝ!"

እኛ? እሱስ ምነው ሳይጠይቅ? ... እኔም አልጠየቅኩም ለነገሩ። በበረዶ ስነታረክ ከረምኩ።

ራሱ ለቅሞ መዳፏን ሞላላት። አንዱን አፏ ውስጥ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ቶሎ አልገለጠችውም። ለእኔም ሰጠችኝ፤ ቀመስኩት... ኮምጣጣ! ያ ሁሉ በረዶ ለዚህ ነው?

ከዚያ አካፋውን ለአባባ አስይዛው፣ ጣሳዎቹንም እዚያው ትታ ወጣች። አልነቀለቻቸውም።

ሚያዝያ 10
ሄደች። ልጇ ዕቃዋን ሲጭን አባባ እስከ መኪናው ሸኛት። በሩ ሲዘጋ "ሻሎም" አላት። በገዛ አፉ!

ከሰዓት ሻይ ይዤለት ጓሮ ወጣሁ። ቁጥቋጦዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። ወጥሬ ልይዘው ነበር... ኡልፓን ቢሄድ ሌላም ቃል ይለምድ ነበር ልለው። ቀደመኝ።

"ውቤ፣ እኔኮ አፈሬን ትቼ ነው የመጣሁ። ዕድሜዬም እዚያው ቀርቷል። እዚህ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው... ታገሺኝ።"

አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቃሪያዬን በፋይና ጣሳዎች ተከልኩት።