በአንድ ጎን የረዘመችው የነሐስ ቅጠል

ፓሪስ፣ ኅዳር

ውድ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የሊሞዥ ዝናብ መቼም እንደማይለቃችሁ አውቃለሁ፤ እርጥብ ጫማ እንዳታደርጊ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬአለሁ።

የእማማን ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ አስፈታሁት። ቆይ፣ አትቆጪ! አፉን የከበበው ነሐስ የወርቅ ቅቡ ስለደበዘዘ፣ ታች ሰፈር ያለው ነሐስ ሠሪ አንሴልም ዘንድ ወሰድኩት። ሰውዬው እንዲህ ያለ ስስ የፖርሴሊን ሸክላ ሲይዝ ትንፋሹን ይውጣል፤ ሲያወራ ግን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ነሐሱን ሲያነሳው ከሥሩ ስንጥቅ ብቅ አለ። እህቴ በልጅነቷ ጥላው ነው የተሰነጠቀው አልኩት።

ሳቀብኝ። «የምን እህት አመጡብኝ! ይቺን ቅጠል አያዩም?» አለኝ።

ታስታውሻለሽ፣ ከነሐሱ ቅጠሎች አንዷ ብቻ ወደ ታች ረዝማ፣ እማማ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳ የምታዞራት? ስንጥቁ ላይ ሲያስቀምጣት ልክክ አለች። ዕቃው ድሮውኑ ተሰንጥቆ ነበር፤ ነሐሱን ያለበሱት ያንን ሊሸፍኑ ነው። ይህ የሆነው አያቶቻችን ሳይወለዱ ነው።

ታዲያ ሲነኩት የሚንቀጫቀጨውስ አልኩት። በነሐሱና በፖርሴሊኑ መሃል የሚገባው ቆዳ አርጅቶ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም አለኝ። አዲስ ቆዳ አስገባበት፤ አሁን ጸጥ ብሏል።

እታለምዬ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «የነካችው ሁሉ ይሰበራል» እየተባልሽ ያደግሽው በሌላ ሰው ጥፋት ነው። እማማ ታውቅ ኖሯል እንዴ ብዬ በቀደም አንሴልምን ብጠይቀው፣ «ሙታንን ተያቸው፤ ይልቅ ሾርባሽ ሳይቀዘቅዝ ብዪ» አለኝ። እኔም በላሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ የልጅ ልጅሽን ሶላንዥን እስካሁን እንዳላቀፍሻት ጽፈሽልኛል፤ እጄን አላምነውም ብለሽ። ይህንን አንብበሽ ስትጨርሺ ተነሺና እቀፊያት። ማንንም እንዳታስፈቅጂ።

ለገና ሁላችሁም ኑ። ማስቀመጫውን ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ፤ አንስተሽ ወደ ቦታው የምትመልሺው አንቺ ነሽ። ረጅሟን ቅጠል ወደ ሰው አዙሪያት። ከቤቴ በር ኋላ የወንድ የቆዳ ሽርጥ ተሰቅሎ ካየሽ ደግሞ፣ ሰው ፊት እንዳትጠይቂኝ።

ጌታ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ሕፃኗን ያሳድግልሽ፤ እነዚያን ደህና እጆችሽን ይባርክልሽ።

ታናሽሽ