ትዳራችንን ላላመኑልን የቪዛ ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የትዳር ቪዛ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ቤትዎም ማታ ሲገቡ በር የሚከፍትልዎ ሰው የማይታጣበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን በአደባባይ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ በመስኮቱ በኩል ያስገባኋቸውን ደብዳቤዎች ውሃ ስለበላቸው ነው።

እኔ የሆቴል ልብስ አጣቢ ነኝ። በሰው አገር ስሠራ የማጠቢያውን ቧንቧ ሊበይድ የመጣ የዚያው አገር ሰው አገኘሁና ወደድኩት። አባቴ ታሞ ወደ አገሬ ስመለስ እሱም በአጭር የጎብኚ ፈቃድ ተከትሎኝ መጣ፤ ተጋባን፤ ፈቃዱ ሲያልቅ ሕግ አክባሪ ነውና ተመለሰ። የእኔም የሥራ ፈቃድ እዚያ ስለተቋረጠ እሱ ወደዚህ ተመልሶ አብረን የምንኖርበት መንገድ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ሆኖ ቀረ። ለዚህ መልካም ዕድል እያመሰገንኩ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የሠርጋችን ፎቶግራፍ «የደስታ ስሜት አይታይበትም» ተብሎ ተመልሶልናል፤ ትክክል ነው። የተጋባነው ሆስፒታል ውስጥ፣ አባቴ አልጋ አጠገብ ነው፤ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ እንደተሰካ «ስትዳሪ ልይና ልሂድ» ስላለኝ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች፣ ነርሷ ምስክር ሆና ቆማለች፣ ባለቤቴ የተዋሰው ኮት እጅጌው አጥሮበታል። አባቴ ሳምንት አልቆየም። ይህንን በክፍልዎ መስኮት ላለችው ሠራተኛ ስነግራት «እህቴ፣ ሠርግ ላይ እኮ ሰው ይስቃል» አለችኝ። አባቴ እየሞተ ነበር ብላት «እሱን የሚገልጽ ማስረጃ አያይዢ» አለችኝ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር በስቴፕለር አንድ ላይ የመታችልኝ እሷው ናት፤ እንዳይጠፋብኝ ስለተጨነቀችልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፪. በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ እሱን እዚያ፣ እኔን እዚህ፣ ሚስት በየትኛው ጎን እንደምትተኛ ጠየቃችሁን። እሱ በግራ አለ፤ እኔ በቀኝ አልኩ፤ እሱ ተኝቶ፣ እኔ ግርጌ ቆሜ ስላሰብነው። «አይተዋወቁም» ተባልን። ለይግባኙ እንዳንሳሳት የእናቴን ሕመም፣ የእሱን ጠባሳ፣ ማን እንደሚያንኮራፋ ሳይቀር በስልክ ስንጠያየቅ ከረምን። መልሳችን ሁሉ ገጠመ። «ተጠንቶ የመጣ ነው» ተባልን።

፫. አብረን እንዳንኖር የከለከለው ክፍል «አብረው የኖሩበት ጊዜ አይበቃም» ብሎ ስለፈረደው ፍርድ የምለው የለኝም። አፌን አስይዞኛል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በተራ ቁጥር መጻፍ አልቻልኩም። ባለቤቴን የብየዳ ፍንጣሪ ዓይኑን መትቶት ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር የሰማሁት ከዳነ በኋላ ነው። ለምን አልነገርከኝም ስለው «ብነግርሽ ምን ልታደርጊ?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ስልኩ እያጠረ መጣ። እሱ ስለማላውቃቸው ሰዎች ያወራኛል፣ እኔ ስለማያውቃቸው ሰዎች አወራዋለሁ፣ ሁለታችንም የገባን እየመሰልን እንስቃለን። በቅርቡ ደውሎ «ሌላ ማመልከቻ አታስገቢ፤ ደክሞኛል» ሲለኝ እሺ አልኩት። አለማልቀሴ ከእሱ ይልቅ እኔን አስደነገጠኝ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ደስ ይበልዎ። «አይተዋወቁም» የሚለው ውሳኔዎ በተጻፈበት ቀን ሐሰት ነበር፤ ክፍልዎ በትዕግሥት ጠብቆ እውነት አደረገው።

ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለማንም ሚስት የዚህን ያህል ጥንቃቄ እንዳይነፍጉ እየተማጸንኩ፣

በመዝገብዎ «አመልካች»፣ በሰፈሬ «የስልክ ሙሽራ» የምባለዋ ልብስ አጣቢ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ጠይቂ ስላለኝ ከሕንጻዎ ማዶ ወዳለው ፍርድ ቤት ስለ ፍቺ ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ የጋብቻ ወረቀታችንን አየት አድርጎ «ይሄማ በሕግ የጸና ትዳር ነው፤ ማፍረስ ይቻላል» አለኝ። ትዳራችንን ያመነልን የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ እዚያው ቆሜ አመሰገንኩት።