ግራይንደሩን ሳትነቅይ በረንዳ አትውጪ

ሒሩት፣

በሩ ላይ ያለው ለሁለት የተከፈለ ነጠላ ጫማ ያንቺ ነው። ስትወጪ ስትገቢ እንድታዪው ብዬ ሆን ብዬ ነው ያልጣልኩት።

ትናንት የመደርደሪያውን ብረት በግራይንደር እየቆረጥሽ መብራት ጠፋ። ሰው የሆነ ሰው ግራይንደሩን አጥፍቶ ከሶኬት ይነቅላል። ወይዘሮ ሒሩት ግን ማብሪያውን ሳያጠፉ ወለሉ ላይ ጥለውት፣ «የጎረቤትም ጠፍቷል እንዴ?» እያሉ በባዶ እግራቸው በረንዳ ሮጡ።

ጠፍቶ ነበር አይደል? ደስ አለሽ?

መብራት ሲመለስ ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ግራይንደሩም አብሮ ተነሳ፤ ወለሉ ላይ እየዘለለ ሄዶ ጫማሽን በላው። እግርሽ የተረፈው ጠንቃቃ ስለሆንሽ አይደለም፣ ወሬ ስለምትወጂ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ትነቅያለሽ። ጎረቤት ከዚያ በኋላ ይታያል።
መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለዓይን እንጂ ለፀጉር መያዣ አልተገዛም።

ትናንት ከኩሽና ስወጣ አንቺን ከማየቴ በፊት ጫማሽን ነው ያየሁት። ያኔ የተሳልኩትን ጃንጥላ ላስገባ እንጦጦ ራጉኤል ወጥቻለሁ።

የግራይንደሩን ዲስክ መከለያ ጠዋት መልሼ አስሬዋለሁ።
ማን ፈትቶት እንደነበር አትጠይቂኝ።

ሔራን