የዝንቧ ክንፍ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ
ረቡዕ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ሸሪፋዬ፣

ከደሴ እስከ ደጋን እንደኔ ያለ ጸሐፊ የለም። እሺ ይሁን፣ በማታው ክፍላችን ኋላ ወንበር ከምንቀመጠው ከሦስታችን ማለቴ ነው። ይህችን ደብዳቤ ግን ማንም አልጻፈልኝም፤ የገዛ እጄ ናት። እናትሽ ደህና ናቸው? የልጃችን የፊርደውስ ዓይንስ ቀና? የኔን እንዳትወርስ ዱዓ አድርጊ፤ አንዱ የጦሳን ተራራ ሲያይ ሌላው የሐረጎን ቁልቁለት ያያል።

የምሥራቹን ስሚ። ባለመኪናው ቀለሙ ሚኒባሱን ሊያስረክበኝ ሲል "መጀመሪያ የዓይን ወረቀት አምጣ" አለኝ። ሄድኩ። መርማሪዋ ጥቁር መነጽር አድርጋልኝ የትልቅ ዝንብ ሥዕል ዘረጋችና፣ "ሁለቱ ዓይን አብሮ ካየ ዝንቧ ከወረቀቱ ተነሥታ ትታያለች። በል ክንፏን ያዝ" አለችኝ። ዝንቧ ዶሮ አክላ ተነሣች! አየር ላይ ቆንጠጥ አደረግኳት። "እህቴ፣ መስኮቱን ዝጊ፣ እንዳታመልጠን" ብላት ሳቀችና ፈረመችልኝ።

ሰኞ ሥራ ጀመርኩ። ሐረጎ ጉም ለብሷል። ከፊቴ ያለው አይሱዙ ገና ሩቅ መስሎኝ ስወርድ ቀለሙ ከጎኔ፣ "ዘይኑ፣ ፍሬን!" ብሎ ጮኸ። በአንድ ክንድ ዳንን።

"ምን ነካህ አንተ?"

"ልብህን ልፈትን ብዬ ነው።"

አልሳቀም። ትናንት ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ የቆመ ባጃጅ ገጨሁ። ዛሬ ቀለሙ፣ "ያ ወረቀት ባይኖርህ አላምንህም ነበር" ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ከነገ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ።

ቅዳሜ የአራስነት አርባ ቀንሽ ይሞላል። አንቺንና ፊርደውስን በመኪና መጥቼ እንደምወስድ ለእናትሽ ፎክሬያለሁ።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውራችሁ፤ ጡትሽን ወተት፣ እንቅልፏን ሰላም ያድርገው።

ባልሽ ዘይኑልአቢዲን

ሸሪፋዬ፣ ስሜን ከጻፍኩ በኋላም እስክሪብቶው ከእጄ አልወርድ አለኝ። በስልክ ቢሆን በሳቅ አልፈው ነበር። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰው ጭኜ ሐረጎን እወርዳለሁ። ለቀለሙ ልንገረው ብዬ ሦስቴ ደጁ ደርሼ ተመለስኩ። አንቺ ቅዳሜ ከወንድምሽ ጋር በአውቶቡስ ነይ። እኔ መኪና ይዤ ከመጣሁ ፊርደውስን አትስጪኝ።

ዝንቧ አልተነሣችም። ከኔ በፊት የተፈተነው ይስማው ጣቱን አየር ላይ የት እንዳቆመ አይቼ ነበር፤ እኔም እዚያው አቆምኩ። ለኔ ዝንቧ ወረቀቱ ላይ እንደተኛች ናት።