ስለሰበርኩት በርና ስለፈለጥኳት እንጨት የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በታዘዝኩት መሠረት ይቅርታ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? እኔ ጥበቃዎችዎ ካሳረፉብኝ ዱላ የተነሣ ጎኔን ከሚጠዘጥዘኝ በቀር ደህና ነኝ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ ሰላማዊ፣ ከሁሉም በላይ ሆድዎ የረጋ እንዲሆን እመኝልዎታለሁ፤ የረጋ ሆድ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ እርስዎ ከሚመሩት ተቋም በላይ ያስተማረኝ የለም።

በጸሐፊዎ በኩል በደረሰኝ ደብዳቤ፣ የሴቶች ካንሰር ክፍልን የመጸዳጃ ቤት በር ስለሰበርኩና ቢሮዎ ገብቼ ጠረጴዛዎን በመጥረቢያ ስለመታሁ በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ይቅርታዬም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቀን ተለጥፎ ሕዝብ እስኪያነበው ድረስ ታላቅ እህቴን እንዳላይ አዘዋል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ልል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የእኛ ቤት ሆድ መፍጀት የሚችለውን ሁሉ ፈጅቶ ጨርሷል። ስለዚህ ትእዛዝዎን ተቀብዬ ይኸው ጽፌያለሁ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ እኔ የቄራ ሆድ ዕቃ አጣቢ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አንጀት ስገለብጥ፣ ጨጓራ ስፍቅ ኖሬያለሁ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ በመርፌዋ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ እናንተ ዘንድ መጣን፤ ሁለቱን ዙር ኬሞ ጥርሷን ነክሳ ተወጣችው፤ በሦስተኛው ዙር ማግስት ግን ተቅማጥ ጀመራት። ይቅርታዬ ሥርዓት እንዲይዝ አስቀድሜ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በአንድ ቃል ስለመጽናታችሁ አመሰግናለሁ። በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ስትመላለስ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ተባልን። ደም ሲቀላቀልበትም፣ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣትም ያው ጠባዩ ነው ተባልን። ሰገራዋ ይመርመር ብዬ ብለምን፣ ብለማመጥ፣ አሥራ አንድ ቀን አለፈ። እስከዚያው ማቆሚያ ክኒን ሰጣችኋት፤ በእርግጥም ቆመ፤ መውጣት የነበረበት መርዝ ውስጧ ታፍኖ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ። እንዲህ የተነፋ ሆድ አውቃለሁ፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ በሬ ሲመጣ መርማሪው ለብቻው ያቆመዋል። ይህን ለተረኛው ሐኪም ብነግረው፣ ሰውን ከከብት ጋር ታነጻጽራለህ ወይ ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ነው፣ አይነጻጸሩም፤ በሬው ይመረመራል። እኔም ይቅርታ ጠይቄው ወደ እህቴ ተመለስኩ።

2ኛ. ስለ ንጽሕናችሁ አመሰግናለሁ። ሳሙናውን ከየመታጠቢያው አንስታችሁ በየበሩ የአልኮል ሳኒታይዘር ሰቅላችኋል፤ ከላዩም እጃቸውን እያሹ ፈገግ ያሉበት የእርስዎ ፎቶግራፍ አለ፤ አምሮብዎታል። እንጀራዋ እንዳይዘጋባት ስሟን የማልጠራት አንዲት ነርስ ግን ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ፦ ኬሞው ካንሰሩን ሲመታ በአንጀት የሚኖሩትን ደጋግ ተሕዋስያንና በሽታ ተከላካዩን ነጭ የደም ሴል አብሮ ይመታል፤ ሜዳው ባዶ ሲሆን ክፉው ባክቴሪያ ይፈነጭበታል፤ ጠንካራ ቅርፊት ያለውን ዘሩን አልኮል አይገድለውም፤ እጅ በሳሙናና በውኃ፣ ዕቃ በክሎሪን መታጠብ አለበት። እኔ ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ሳሙና በኪሴ ይዤ እመላለስ ነበር።

3ኛ. ከሁሉም በላይ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ አመሰግናለሁ። ለአሥራ አራት ሴቶች አንድ መጸዳጃ ቤት አለ፤ ጠያቂ እንዳይጠቀምበት ይቆለፋል፤ ቁልፉም እንዳይጠፋ ክንድ በምታክል እንጨት ላይ ታስሯል። ያቺ እንጨት ከነርጥበቷ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፤ ትራስ ላይ ትተኛለች፤ ምሳ ላይ ትቀመጣለች። ቄራ እንኳ እንጨት መክተፊያ ከተከለከለ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንጨት እርጥበት ይጠጣል፣ ቢፍቁትም አይጠራም። መጀመሪያ የሁለት ቁጥር አልጋዋ ሴት ታመመች፤ ከእሷ ቁልፉን የተቀበለችው የአምስት ቁጥሯ ተከተለች፤ ከዚያ የስምንት ቁጥሯ፣ የእኔ እህት።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሥራ መጥረቢያዬን ላስስል ይዤ በምሳ ሰዓት ብቅ አልኩ። እህቴን የተቆለፈው በር ሥር በገዛ ደሟና ሰገራዋ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ቁልፉ ሌላዋ በሽተኛ ትራስ ሥር ነበር። ልጅ ሳለሁ ገላዬን ያጠበችኝ ሴት ቀና ብላ አየችኝና «ፊትህን አዙር» አለችኝ። አዞርኩ። ያዞርኩት ወደ በሩ ነበርና በሁለት ምት ገነጠልኩት። እሷን ለነርሶቹ ሰጥቼ እንጨቷን ይዤ ወደ እርስዎ መጣሁ። ጠረጴዛዎ ላይ አጋደምኳት፤ የመጀመሪያው ምት እንጨቷን ፈለጠ፤ ሁለተኛው የጠረጴዛዎን መስተዋት አደቀቀ፤ ሦስተኛውን ለማን አስቤው እንደነበር እርስዎም ስለገባዎ ነው ወንበር ሥር የገቡት። ጥበቃዎቹ ደረሱና ደረጃ በደረጃ እየረገጡ ወደ ታች አወረዱኝ።

ያን ዕለት ማታ ትልቁ አንጀቷ ተቆርጦ ወጣ። በመጨረሻ በዚያው ዕለት የተላከው የሰገራዋ ምርመራ ውጤት በማግስቱ መጣ፤ ነርሷ እንዳለችው ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒቱም እዚያው ፋርማሲያችሁ መደርደሪያ ላይ ነበር። አሁን ሆዷ ላይ የሰገራ ከረጢት ተንጠልጥሎላት፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት ተኝታለች። ዐይኗን በገለጠች ቁጥር ወንድሜ የቀረው ፊትህን አዙር ስላልኩት ተቀይሞኝ ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች አሉ።

እንግዲህ ይቅርታው ይኸውልዎ። በሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የተቆለፈው ወዶ አልነበረም። እርስዎን ይቅርታ የምጠይቀው ስለዘገየሁ ነው፤ መጥረቢያውን በአሥራ አንደኛው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ይዤ ብመጣ ኖሮ የእህቴ አንጀት ዛሬ በቦታው ይሆን ነበር። በልመና የባከነው ጊዜ ሁሉ የእኔ ጥፋት ነው።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለአዲሱ ጠረጴዛዎ ጥንካሬ እየተመኘሁ፣ ጎኔ እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ፣
የስምንት ቁጥር አልጋ ታናሽ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ሦስት ቀን እንዲለጠፍ አዘዋል። የእህቴ ሐኪም ግን ሦስት ቀን መቆየቷን እንኳ ማረጋገጥ አልችልም ብሏል። ስለዚህ ነገ በምሳ ሰዓት እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ምንም ሳልይዝ፣ በዋናው በር እገባለሁ። ጥበቃዎችዎን ሁሉ ሰብስበው ያቁሙልኝ። ባለፈው የወሰዱብኝ ሁለት ጥርስ ነው፤ ገና ሠላሳ ይቀረኛል።