የበለጡ ድስት

ጥር 6 ቀን 1977፣ ገዳሪፍ

ዛሬም አባዬ ከብረት መቅረጫ ቶርኖው ጋር ሲጨቃጨቅ ዋለ። ራኩባው፣ ያው የሣር ዳሳችን ሥር፣ በገዛ እጁ የአውሮፕላን ሞተር እየሠራ ነው! ክንፍ የለ፣ ጎማ የለ… እሱ ግን "ጎንደር በአንድ ሰዓት ተኩል" ይላል። እማዬ፣ "መጀመሪያ የጓሮውን በር ጠግንና በሱ ውጣ" አለችው። ከደብረ ዘይት አየር ኃይል ይዞ የመጣው መካኒክነቱንና ቁጣውን ብቻ ነው።

አንድ ፒስተን ጎድሎታል። አሮጌ ፒስተን ፈልጊ አለኝ፣ አቅልጦ ሊቀርጸው። "የሎሪ ብቻ! ሌላው አሉሚኒየም ልፍስፍስ ነው፣ እንዳታመጪብኝ።" እሺ ጌታዬ።

ጥር 9

ሁለት ጋራዥ ጠየቅሁ፣ የለም። ሰለቸኝ። ሾፌሩ ጎረቤታችን ጋሽ ጀማሉ በሎሪው ኡም ራኩባ፣ የስደተኛው መጠለያ ሊሄድ ነበር። "ያላ፣ ላዩ ላይ ውጪ!" አለኝ። እማዬ ለመለወጫ የሰጠችኝን ማሽላ ይዤ ወጣሁ።

መጠለያው ውስጥ አንዲት ሴት… በለጡ። ከወገራ በእግሯ የመጣች። ልጇን አዝላ፣ ድስቷን ተሸክማ። ወፍራም፣ ጥሩ አሉሚኒየም። ተከራክሬ በግማሹ ማሽላ ወሰድኩት። ጎበዝ ነኝ አይደል? ልጇ ድስቱን በኔ እጅ ሲያይ ከንፈሩን ጣለ። "አታልቅስ፣ አውሮፕላን ሊሆን ነው። ቀና ብለህ ታየዋለህ" አልኩት። ሳቀ።

ጥር 12

ድስቱን በመዶሻ አደቀቅሁት። "የሎሪ ነው" አልኩ። አባዬ አቅልጦ አሸዋው ቅርጽ ውስጥ አፈሰሰው። አመነኝ።

ጥር 14

ቶርኖው አጋለጠኝ።

የፒስተን ብረት ሲቆረጥ እንደ ደቃቅ ጥሬ ይረግፋል። ይኼኛው እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ቢላው ጫፍ ላይ ተጣበቀ። አባዬ ላምባ አንጠባጠበበት። ያው ነው። አቆመ። ጥቅልሉን በጣቱ አሸት አሸት አደረገና፣

"ይኼ ሎሪ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ወጥ ሲሠራበት የኖረ ነው። የማን ነው?"

ነገርኩት።

"በምን ለወጥሽው?"

"በማሽላ።"

"ማሽላውንስ በምን ትቀቅለዋለች?"

ለካ አልጠየቅኋትም። እንዴት አልጠየቅኋትም? ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እጁን ታጥቦ ገባ።

ጥር 15

ጋሽ ጀማሉ ከኡም ራኩባ ተመለሰ። በለጡን ጎረቤቷ አንድ ቀን ድስት አውሳት፣ በማግስቱ ከልክላታለች አሉ። ልጁ ጥሬውን ቆርጥሞ ሆዱን ታሟል። ምሳ አልበላሁም። ሰው ሁሉ ሳይበላ በከረመበት አገር የኔ አለመብላት ምን ሊረባ?

ጥር 17

እማዬ ትልቁን ድስታችንን ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ። የቀረውን ማሽላም። አልተቆጣችም… እሱ ባሰ።

በጋሽ ጀማሉ ሎሪ ኡም ራኩባ ይዤው ሄድኩ። በለጡ ድስቱን ስታይ ሳመችኝ። እኔን! ይቅርታ ለማለት ስንተባተብ እሳት አያያዘች። ንፍሮው ሲበስል የመጀመሪያውን ጭብጥ ለኔ ዘረጋች።

"እኔ በልቻለሁ፣ ለልጁ ስጪው።"

"ድስት ይዞ የመጣ እንግዳ ባዶ አፉን ይሄዳል? ብይ እንጂ ልጄ፣ ተጠየፍሽን?"

ተቀበልኩ። በላሁ። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ የኔን አፍ፣ ከዚያ ሰማዩን አየ።

"የኛ ድስትስ በረረ?" አለኝ። "በየቀኑ ሳይ ነበር።"

አፌ በነሱ ማሽላ እንደተሞላ፣ እኔም ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ።